አልፈታ ያለ የፑሌጃ ብሎን እንዴት ይፈታል?

የመኪናውን የታይሚንግ ቺንጋ ለማስቀየር ጋራዥ የገባ ባለንብረት አዘውትሮ የሚያነሣው አንድ ጥያቄ አለ። ቺንጋው ከጎማ የተሠራ ቀላል ዕቃ ሆኖ ሳለ ሥራው ግማሽ ቀን የሚፈጀው ስለምንድን ነው? ምላሹ ብዙውን ጊዜ ያለው በአንድ ብሎን ላይ ነው። ብሎኑ በሞተሩ የፊት ገጽ፣ በትልቁ ፑሌጃ እምብርት ላይ ይገኛል። እርሱ ካልወጣ ፑሌጃው አይወጣም፤ ፑሌጃው ካልወጣ የታይሚንጉ ክዳን አይነሣም፤ ክዳኑ ካልተነሣም ቺንጋው አይነካም።

ይህ ብሎን ከሞተር ብሎኖች ሁሉ በግትርነቱ የታወቀ ነው። ሲጠብቅ ከባድ ነው፤ ዓመታት አልፈውበት ሲፈታ ደግሞ ይብሳል። በችኮላ የሚወሰዱ አቋራጮች ጣት ይሰብራሉ፣ የቮላኖ ጥርስ ያረግፋሉ፣ ደኅና የነበረ ክራንክ ሻፍትም ያስጥላሉ። ስለዚህ ብሎኑ ለምን እንደሚጠነክርና በምን መንገድ እንደሚፈታ ማወቅ ከመካኒኩ አልፎ መኪናውን አምኖ ለሚያስረክበው ሰውም ይጠቅማል።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ፣ በመንገድ ላይ ያሉት የነዳጅ መኪኖች ዕድሜያቸው እየገፋ መሄዱ አይቀርም። ብዙዎቹ ቀድሞውንም በሌላ አገር አገልግለው የመጡ ናቸው። ቺንጋቸው መቼ እንደተቀየረ፣ ብሎናቸውን ማን በምን ያህል ኃይል እንዳጠበቀው የሚናገር ሰነድ አብሯቸው አልመጣም። እንዲህ ያለው መኪና ጋራዥ ሲገባ ብሎኑ በቀላሉ ይፈታል ብሎ መገመት አይቻልም።

ፑሌጃው የሚታሰረው በክራንክ ሻፍቱ ጫፍ ላይ ነው። ክራንክ ሻፍት የፒስተኖችን ወደ ላይና ወደ ታች መመላለስ ወደ ዙር የሚለውጠው የሞተሩ ዋና ዘንግ ነው። ዘንጉ ሲዞር ፑሌጃው አብሮ ይዞራል፤ በውጭ ባሉት ቺንጋዎች አማካይነትም ዲናሞውን፣ በብዙ ሞተሮች ደግሞ የውሃ ፓምፑንና የመሪውን ፓምፕ ያሠራል። በአብዛኞቹ መኪኖች ፑሌጃው አንድ ወጥ ብረት አይደለም። የውስጡና የውጩ የብረት ቀለበት በመካከላቸው በገባ ጎማ የተያያዙ ናቸው፤ ጎማው የክራንክ ሻፍቱን ንዝረት ያበርዳል። ፑሌጃን በእሳት ማሞቅ፣ በመዶሻ መደብደብ ወይም የውጭ ጠርዙን ይዞ በመንቀያ መሳብ የሚከለከለው በዋናነት በዚህ ጎማ ምክንያት ነው።

ከክዳኑ ጀርባ ያለው የታይሚንግ ቺንጋ ደግሞ የክራንክ ሻፍቱን ዙር ከቫልቮች መከፈትና መዘጋት ጋር ያስማማል። በገጠር መንገዶች በብዛት የሚታዩት የቶዮታ ሃይሉክስ 2ኤል፣ 3ኤል እና 5ኤል የናፍታ ሞተሮች፣ እንዲሁም የላንድክሩዘሩ 1ኤችዜድ ሞተር ይህን ቺንጋ ይጠቀማሉ። የናፍታ ሞተር አየሩን አጥብቆ የሚጨምቅ በመሆኑ፣ ፒስተኑ ጫፍ ሲደርስ በእርሱና በቴስታታው መካከል የሚቀረው ክፍተት እጅግ ጠባብ ነው። ሞተሩ እየሠራ ቺንጋው ከተበጠሰ ክፍት የቀረ ቫልቭ ከፒስተን ጋር ይጋጫል። ያን ጊዜ ነገሩ ቺንጋ ከመቀየር አልፎ ቴስታታ ወደማውረድ ይሄዳል። ምርቱን ለገበያ የጫነ መኪና በመከር ወቅት እንዲህ ቢቆም ኪሳራው የጥገና ወጪ ብቻ አይሆንም። በእነዚህ ሞተሮች ላይ ቺንጋው በ100,000 ኪሎ ሜትር ገደማ እንዲቀየር የሚመከረው፣ በብዙዎቹ ዳሽቦርድ ላይም ቲ-ቤልት የሚል መብራት የተቀመጠው ለዚህ ነው።

ሁሉም መኪና ቺንጋ የለውም። በከተማ የበዛው ቪትዝ ቫልቮቹን በሰንሰለት ያሠራል፤ የአይሱዙ ኤንፒአር ሞተሮች ደግሞ በጥርሳም ብረት። ይሁን እንጂ በፑሌጃው ጀርባ ያለው ፓራሊዮ ዘይት ማፍሰስ ሲጀምር፣ ወይም የፑሌጃው ጎማ ሲላቀቅ ያንኑ ብሎን መግጠም ግድ ነው።

ብሎኑን ግትር የሚያደርገው ምንድን ነው? ብሎን ሲጠብቅ እንደ ጠንካራ ምንጭ በጥቂቱ ይለጠጣል። ፑሌጃውን ከክራንክ ሻፍቱ ጋር አጣብቆ የሚይዘው ይህ መለጠጥ ነው። ለማጥበቅ ከሚወጣው ኃይል ውስጥ ግን ለመለጠጡ የሚውለው ከአሥር እጅ አንድ ያህል ብቻ ነው። ግማሽ ያህሉ በብሎኑ ራስ ሥር ባለው ፍትጊያ፣ የቀረው ደግሞ በጥርሶቹ መካከል ባለው ፍትጊያ ያልቃል። ብሎኑ በሚፈታበት ቀን መካኒኩን የሚገጥመው ይኸው ፍትጊያ ነው፤ ያውም አድጎ። ክረምት በጭቃና በወንዝ ውሃ ያለፈ መኪና ብሎኑ ይዝጋል። ዝገት ከበላው ብረት የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ በጥርሶቹ መካከል የነበረችውን ክፍተት ይሞላል። የሞተሩ መጋልና መቀዝቀዝ በሺሕ የሚቆጠር ጊዜ ሲደጋገም ደግሞ የተነካኩት ገጾች እየተጣበቁ ይሄዳሉ። ከዚህ በላይ ቀደም ሲል የሠራው ሰው በግምት አጥብቆት ወይም ማጣበቂያ ቀብቶበት ሊሆን ይችላል።

በቁጥር ሲታይ ነገሩ ይበልጥ ይገባል። የብሎን ጥብቀት በኒውተን ሜትር ይለካል። የቪትዝ የጎማ ዳዶ 103 ኒውተን ሜትር ያህል ይጠብቃል፤ ጎማ የቀየረ ሰው ሁሉ ያንን ኃይል በእጁ ያውቀዋል። የ1 ነጥብ 5 ሊትሩ የቪትዝ ሞተር የፑሌጃ ብሎን በአምራቹ መመሪያ 128 ኒውተን ሜትር ነው፤ የላንድክሩዘሩ 1ኤችዜድ ግን 430 ይደርሳል። ይህ ገና አዲስ ሲታሰር ያለው ልክ ሲሆን ከዓመታት በኋላ ለመፍታት የሚጠይቀው ከዚያ ሊበልጥ ይችላል። 60 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው ክብደቱን በሙሉ በ30 ሳንቲ ሜትር ቁልፍ ጫፍ ላይ ቢያሳርፍ 180 ኒውተን ሜትር ገደማ ያወጣል። ቁልፉን በአንድ ሜትር ቱቦ ቢያረዝመው ያው ሰው ወደ 600 ይጠጋል። ከዚህ እንደሚታየው ኃይል ማግኘት ቀላሉ ክፍል ነው። ችግሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው፤ ብሎኑ የታሰረበት ዘንግ ራሱ የሚዞር ነው። ብሎኑን ለመፍታት ሲገፉት ክራንክ ሻፍቱ አብሮ ይዞራል፤ ኃይሉም ሳይሠራ ያልቃል። ስለዚህ ልምድ ያለው መካኒክ ከመግፋቱ በፊት ረጅሙን ጊዜ የሚያጠፋው ክራንክ ሻፍቱ የሚያዝበትን መንገድ በማዘጋጀት ላይ ነው።

ካምቢዮው በእጅ በሚቀየር መኪና የተለመደው ዘዴ ከፍተኛውን ማርሽ አስገብቶ ሌላ ሰው የእግር ፍሬኑን አጥብቆ እንዲረግጥ ማድረግ ነው። አንዳንዶች ለጥንካሬ ብለው አንደኛ ማርሽ ያስገባሉ፤ ይህ ተገላቢጦሽ ነው። አንደኛ ማርሽ በክራንክ ሻፍቱ ላይ የዋለውን ኃይል አብዝቶ ወደ ጎማዎቹ ስለሚያደርስ ፍሬኑ የሚችለው ሸክም ይከብዳል፤ አራተኛ ወይም አምስተኛ ማርሽ ግን ሸክሙን ይቀንሳል። የእጅ ፍሬን ብቻውን አይበቃም። በተለይ የፊት ጎማዎቹ በሚነዱት መኪና የእጅ ፍሬኑ የሚይዘው የኋላ ጎማዎችን ስለሆነ ለዚህ ሥራ ምንም አይፈይድም። ካምቢዮው አውቶማቲክ ከሆነ ደግሞ ይህ ዘዴ ከናካቴው አይሠራም። ሞተሩ ከጎማዎቹ ጋር የሚገናኘው በዘይት አማካይነት ነውና ማርሽ ማስገባቱ ክራንክ ሻፍቱን አያስርም። ሲቪቲ የሚባለው ካምቢዮ የተገጠመላቸው ቪትዞችም ከዚህ ወገን ናቸው።

አስተማማኙ መንገድ ፑሌጃውን ራሱን መያዝ ነው። ብዙ ፑሌጃዎች በፊታቸው ላይ ጥርስ የወጣላቸው ቀዳዳዎች አሏቸው። በእነዚህ ላይ በብሎን የሚታሰር ረጅም እጀታ ያለው መያዣ ይሠራል፤ መያዣው ከሻሲው ወይም ከመሬት ጋር ተደግፎ ፑሌጃው እንዳይዞር ያደርጋል። መያዣው ከገበያ ቢጠፋም ወፍራም ጠፍጣፋ ብረት፣ መሰርሰሪያና ብየዳ ያለው የብረት ሥራ ቤት በአንድ ሰዓት ውስጥ ሊሠራው ይችላል። የሚገቡት ብሎኖች ራሳቸው ላይ 8.8 ወይም ከዚያ በላይ የተጻፈባቸው ጠንካሮች ሊሆኑ፣ በቀዳዳዎቹ ውስጥም በቂ ጥልቀት ይዘው ሊጠብቁ ይገባል። ቀዳዳ ለሌላቸው ፑሌጃዎች ሞተሪኖውን አውጥቶ የቮላኖውን ጥርሶች በተዘጋጀ መቆለፊያ መያዝ ይቻላል። መቆለፊያው በርከት ያሉ ጥርሶችን በአንድ ጊዜ የሚይዝ መሆን አለበት። በቦታው ካቻቢቴ የሚሸጉጥ ሰው ግን ኃይሉን ሁሉ በአንድ ጥርስ ላይ ይጭናል፤ ጥርሱ ከረገፈ ሞተሪኖው ሁልጊዜ እዚያች ቦታ ላይ ሲደርስ ይከዳል፤ ጥገናውም ካምቢዮ ማውረድ ይጠይቃል።

(ቺንጋ፣ ፑሌጃ፣ ቮላኖ፣ ቴስታታ፣ ካቻቢቴ የሚሉት የጋራዥ ቃላት ሁሉ የጣሊያንኛ መሠረት ያላቸው ናቸው። ሙያው ራሱ ብዙ ቋንቋውን የተማረው ከዚያ በመሆኑ፣ የአምራቾችን የእንግሊዝኛ መመሪያ የያዘ ወጣትና ነባሩ መካኒክ አንዳንዴ ስለ አንድ ዕቃ በሁለት ስም መነጋገራቸው የተለመደ ነው።)

ክራንክ ሻፍቱ ከተያዘ በኋላ መፍታቱ በሥርዓት ይከናወናል። የባትሪው ኔጋቲቭ ገመድ ይነቀላል። መኪናው ከተነሣ በክሪክ ብቻ አይተውም፤ ቱቦ በሚገፋበት ጊዜ የሚፈጠረው ግፊት መኪናን ከክሪክ ላይ ሊጥል ስለሚችል ጠንካራ የብረት መደገፊያ ሊኖረው ይገባል። ቡሶላው ባለ 6 ማዕዘን ይመረጣል፤ ባለ 12 ማዕዘኑ የብሎኑን ራስ በጠርዞቹ ላይ ብቻ ስለሚይዝ ያንሸራትታል፣ ራሱንም ያከባል። ማራዘሚያ በበዛ ቁጥር ብረቱ ይበልጥ ይጠመዘዛል። የሚፈታበት አቅጣጫ በአብዛኞቹ መኪኖች ፑሌጃውን ፊት ለፊት ለሚያየው ሰው ከሰዓት ቆጣሪ በተቃራኒ ነው፤ ነገር ግን ሙሉ ኃይል ከመጠቀም በፊት የዚያን ሞተር መመሪያ ማየት አይከፋም። በተሳሳተ አቅጣጫ በአንድ ሜትር ቱቦ የተገፋ ብሎን ሊሰበር ይችላል። ግፊቱ ሳይቋረጥ እያደገ የሚሄድ መሆን ይኖርበታል። የሚገፋው ሰው ብሎኑ ድንገት ሲለቅ እጁና ራሱ ወዴት እንደሚሄዱ አስቀድሞ ማየት አለበት። በቱቦው ላይ መዝለል የሚያስከትለውን አደጋ ማብራራት አያስፈልግም።

በአየር ወይም በባትሪ የሚሠራ የመቺ መፍቻ ያለው ጋራዥ ሥራው ይቀልለታል። መሣሪያው ኃይሉን በአጫጭር ምቶች ስለሚሰጥ፣ የክራንክ ሻፍቱ ክብደት በዚያች ቅጽበት እንደ መያዣ ሆኖ ያገለግለዋል። የቆመን ነገር ለማንቀሳቀስ የሚያስፈልገው ኃይል የሚንቀሳቀሰውን ለማስቀጠል ከሚያስፈልገው ስለሚበልጥ፣ ተደጋጋሚው ምት የመጀመሪያዋን ንቅናቄ ለመፍጠር ይመቻል። ብዙ ጊዜ ብሎኑ ያለ ሌላ መያዣ ይፈታል። መሣሪያው ለመፍታት እንጂ ለማጥበቅ ግን አይመከርም፤ ቀጣዩን መካኒክ የሚያስቸግሩት ብሎኖች ከፊሎቹ በዚህ መሣሪያ ያለ ልክ የተጠበቁ ናቸው።

ከአቋራጮች ሁሉ አደገኛው በሞተሪኖ ማስፈታት ነው። ረጅም ብረት በብሎኑ ላይ ይገባል፣ ጫፉ ከሻሲ ወይም ከመሬት ጋር ይደገፋል፣ ከዚያም ቁልፉ ለቅጽበት ይዞራል። ሞተሩ ሲዞር ብረቱ መሄጃ ያጣል፤ ብሎኑም ይላላል። የሞተሪኖው ትንሽ ጥርስ ትልቁን ቮላኖ ስለሚያዞር ኃይሉ ከአሥር እጥፍ በላይ ይባዛል፤ ዘዴው የሚሠራውም በዚህ ምክንያት ነው። ነገር ግን ይኸው ኃይል ብረቱ ከተንሸራተተ ሰው ላይ ይወነጨፋል። በናፍታ ሞተር ላይ ጉዳዩ ይከፋል። የናፍታ ሞተር ለመነሣት ካንዴላ አያስፈልገውም፤ ነዳጁ በትክክል ካልተቋረጠ ብረቱ ብሎኑ ላይ እንደ ተሰካ ሊነሣ ይችላል። ከዚህም ሌላ ሞተራቸው በተቃራኒ አቅጣጫ የሚዞር መኪኖች አሉ፤ የቀድሞዎቹ የሆንዳ ሞተሮች ለዚህ ይጠቀሳሉ። በእነዚህ ላይ ዘዴው ብሎኑን ጭራሽ ያጠብቀዋል። ይህን መንገድ የሚያቀርብ ጋራዥ ሲያጋጥም ባለንብረቱ በእርሱ መኪና ላይ እንዳይሞከር የመናገር መብት አለው።

ዝገት የሚያላሉ ዘይቶችን በተመለከተ ብዙ ተስፋ ማድረግ አያዋጣም። ዘይቱ በብሎኑ ራስ ዙሪያ ተነክሮ ቢያድር የራሱን ፍትጊያ ሊያላላ ይችላል፤ ጥርሶቹ ግን በክራንክ ሻፍቱ ውስጥ ጠልቀው የተዘጉ ስለሆኑ ብዙም አይደርስባቸውም። ዘይቱ ቺንጋ ላይ እንዳይፈስም ጥንቃቄ ያሻል። ሙቀት በአንጻሩ ይሠራል፣ ግን ዋጋ ያስከፍላል። ጠንካራ የብሎን ማጣበቂያ ለመላላት ወደ 250 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ይፈልጋል፤ ይህ ሙቀት ፓራሊዮውን ያቃጥላል፣ የፑሌጃውንም ጎማ ያበላሻል። ስለዚህ ማሞቅ የሚታሰበው ፓራሊዮው አብሮ የሚቀየር ከሆነ፣ ሙቀቱም በብሎኑ ራስ ላይ ብቻ እንዲያርፍ ማድረግ ከተቻለ ነው። ቤንዚን በሚሠራ ሞተር አጠገብ እሳት ከመለኮስ መቆጠብ ይሻላል። የብሎኑ ራስ ተበልቶ ከከበበ ዳዶ በላዩ በይዶ ማውጣት የሚቻልበት ጊዜ አለ፤ ባትሪው ሳይነቀል መበየድ ግን የመኪናውን የኤሌክትሮኒክስ ክፍሎች ሊያቃጥል ይችላል።

ብሎኑ ወጣ ማለት ሥራው አለቀ ማለት አይደለም። መልሶ ማሰሩ ብዙ ጊዜ ትኩረት የማይሰጠው፣ ጉዳቱ ግን ከመፍታቱ የሚብስ ክፍል ነው። በፑሌጃውና በክራንክ ሻፍቱ መካከል የምትገባ ትንሽ የብረት ሽብልቅ አለች። ብዙዎች ኃይሉን የምትሸከመው እርሷ ትመስላቸዋለች። የእርሷ ሥራ በዋናነት ቦታን ማስያዝ ሲሆን ሸክሙን የሚችለው የብሎኑ ጭመቃ ነው። ብሎኑ ላልቶ ከታሰረ ፑሌጃው በጥቂት በጥቂቱ ይወዛወዛል፤ ሽብልቋ የተቀመጠችበትን ቦይ እየበላ ያሰፋዋል፤ በመጨረሻም የቫልቮቹ አከፋፈት ይዛባል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መግቢያ የተሠሩት ማዝዳ ኤምኤክስ-5 መኪኖች በዚሁ ችግር ይታወቃሉ፤ በርካቶቹም ክራንክ ሻፍት እስከ መቀየር ደርሰዋል። የፑሌጃ ብሎን በእጅ ግምት አይታሰርም፤ የጥብቀት መለኪያ ቁልፍ ያስፈልገዋል። ጥርሶቹ ከዝገትና ከአሮጌ ማጣበቂያ ይጸዳሉ። ዘይት ይቀባ ወይም ደረቅ ይታሰር የሚለውን የሚወስነው መመሪያው ነው፤ በዘይት የታሰረ ብሎን ፍትጊያው ስለሚቀንስ በተመሳሳይ ኃይል ከሚገባው በላይ ይለጠጣል። መመሪያቸው ከተወሰነ ጥብቀት በኋላ በዲግሪ ተቆጥረው እንዲዞሩ የሚያዝላቸው ብሎኖች ብዙውን ጊዜ አንዴ ከተፈቱ በአዲስ ይተካሉ።

በመስኖ ፓምፕ ወይም በእህል ወፍጮ ላይ ያለ ባለ አንድ ሲሊንደር የናፍታ ሞተርም ተመሳሳይ ጉዳይ አለው። እዚያ የሚያስቸግረው የቮላኖው ትልቅ ዳዶ ነው። በብዙዎቹ ላይ ከዳዶው ሥር ጆሮዋ ወደ ላይ የታጠፈች ሮንዴላ አለች፤ ጆሮዋ በቅድሚያ ካልተቃናች ዳዶው በምንም ኃይል አይንቀሳቀስም፣ ወይም ተሰብሮ ይወጣል። ቮላኖውን ለመያዝ በጨረሮቹ መካከል እንጨት ወይም ብረት መሸጎጥ የተለመደ ቢሆንም፣ ቀላጭ ብረት በምት ይሰነጠቃል። የተሰነጠቀ ቮላኖ በሙሉ ፍጥነት ሲዞር ሊበተን ይችላል። ስለዚህ ከሥራው በኋላ ጨረሮቹን በጨርቅ ጠርጎ መመርመር፣ ስንጥቅ የታየበትን ሞተርም አለማስነሣት ያስፈልጋል።

በመኪናው ላይ ክዳኑና ፑሌጃው ከተመለሱ በኋላ፣ ባትሪው ከመገናኘቱ በፊት ክራንክ ሻፍቱ በእጅ ሁለት ሙሉ ዙር ይዞራል። ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ አንድ ጊዜ እንዲዞር ክራንክ ሻፍቱ ሁለት ጊዜ መዞር ስላለበት፣ ምልክቶቹ በትክክል መግጠማቸው የሚረጋገጠው በሁለተኛው ዙር መጨረሻ ነው። በመካከል የሚያግድ ነገር ካለ በኃይል ሳይቀጥሉ መፈተሽ ይገባል። መኪናውን የሚረከበው ሰው አሮጌውን ቺንጋና የተተካ ብሎን ካለ እርሱንም ጠይቆ ሊያይ ይችላል። ቺንጋው የተቀየረበት ቀንና የኪሎ ሜትሩ ንባብ በወረቀት ተጽፎ በሞተሩ ክዳን ሥር ከተለጠፈ፣ የሚቀጥለው መካኒክ ሥራውን በግምት አይጀምርም።